ዘጠና ላይ

ሌድቪል ከተማ፣ ተራራው አናት ላይ፣ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤
መቶን ሳያይ፣ ገና ዘጠና ሲጠጋ፣ «ደረስኩ» ይላል።
ይንተከተካል፣ ክዳን ያነሳል፣ መስኮቱን እንፋሎት ያለብሳል፤
ላየው ሰው ሁሉ የበሰለ ይመስላል።

ይህን ሳላውቅ ነው ሻይ ቤቱ የገባሁ፣
በመጀመሪያው ቀን ቴርሞሜትሩን ጥዬ ስብርባሪ የለቀምሁ።
ወይዘሮ ሹፈን አልተቆጣችም።
«እንግዲህ ዓይን አለሽ» አለችኝ፣ «ዓይን አይሰበርም።»

ማንቆርቆሪያውን ከፍታ አሳየችኝ ወደ ውስጥ፤
«ቅጠሉን አትስጪው፣ አረፋው ሳይለወጥ።»
እሷ የሸርጣን ዓይን፣ የዓሣ ዓይን ትላለች፤ የእናቷ ቋንቋ ነው።
እኔ ሸርጣን የት አውቃለሁ? በእህል ያዝኩት፣ በማውቀው።

ጤፍ የምታህል አረፋ ከብረቱ ወለል ስትነሳ፣
ለነጩ ሻይ ነው፤ ቅጠሉ ጠጉር አለው፣ እንደ ጫጩት ክንፍ የሳሳ።
ምስር ስታክል ሰማንያ ናት፤ አረንጓዴው ይህን ይወዳል፤
ካለፈ ግን ቂም ይይዛል፣ ይመርራል፣
ስኳር ሽማግሌ ሆኖ ቢላክ በሩን ይዘጋል።
ሽንብራው ተራ በተራ ሲፈነዳ ለኡሎንግ ነው፤
ጥቁሩን ሻይ ቆይ፣ እሱ የራሱ ጣጣ አለው።

ደግሞ ድምፅ አለ። ሊፈላ ሲል ይጮኻል፣ እንደ ገበያ ሰው፤
ሲፈላ ይለዝባል። የሚጮኸው ያልደረሰው ነው።

ታዲያ ጥር ላይ፣ በረዶው የበሩን እጀታ ሲውጥ፣
ኦርቪል ታኬት ገባ፣ የማዕድን ጉድጓድ ጡረተኛ፣
ከጥቁር ሻይ ሌላ የማይመርጥ።
«ይሄ ሻይ አይደለም፣ የካልሲ እጣቢ ነው፤ ማንቆርቆሪያሽ ያታልላል» አለኝ፤
በማግስቱ የሟች ሚስቱን የማርማላታ ቴርሞሜትር ይዞ መጣብኝ፣
ግራ ጎኑ በፋራናይት፣ ቀኙ እኔ በለመድኩት ቁጥር።

ነከርነው። ዘጠና ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።
«እሳት ጨምሪ!» ጨመርኩ። ውሃው ዘለለ፣ ተቆጣ፣
ከአፉ አልፎ ምድጃው ላይ ተመመ፤
ቀይዋ መስመር ግን ንቅንቅ የለም።
«አየሩ ስስ ነው» አልኩት፣ «ከዚህ በላይ አይሞቅም፤
ጥፋቱ የእሳቱ አይደለም።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ወንበር ሳበ። ዝም አለ።
ሲቆይ፣
«የሎሬታ መጽሐፍ» አለኝ፣ «መቶ አራት ነበር የሚለው፤
ለማርማላታ። ቆላ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ። እሷ መቶ አራትን ትጠብቃለች፣
እንጆሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ማንኪያ ይጎብጣል፤ እንደገና ትሞክራለች።
አርባ አራት ዓመት። እኔም ያረረውን ድስት እያየሁ፣
‹እጅሽ ነው› እላታለሁ። ‹እጅሽ ነው!› ስንቴ እንዳልኳት ረሳሁ።»

ምን ይባላል?
በራዱን በፈላ ውሃ አለቅልቄ አሞቅኩ፣ ቅጠሉን በአንድ ማንኪያ አበዛሁ፤
ከደንኩትና የኦርቪልን የሱፍ ባርኔጣ አናቱ ላይ ደፋሁ።
አራት ደቂቃ የሚባለውን ሰባት አደረግኩት።
ዘዴው የጎደለውን ሙቀት በጊዜ መሙላት ነው፤
ተራራውን እንደሆን ማንም ዝቅ አያደርገው።

ጠጣ። «ትንሽ ይቀረዋል» አለ። ይቀረዋልም።
«ድገሚኝ» አለ እንጂ ኩባያውን ገፍቶ አልተነሳም።

ሲወጣ መሽቷል። ባርኔጣው ገና ይሞቅ ነበር፤ ጆሮው ድረስ ሳበው።
ቴርሞሜትሩን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወው፤
ዘጠና አጠገብ፣ በቤቱ ቁልፍ ጫፍ የተጫረ
አዲስ ምልክት አለው።