ያንድ ሰው ሸክም

በቃሬዛ መጣ፣ እንደ ቆሰለ ሰው፣
አራት ወንድ ተሸክሞ፣ ቡሬ ያደረሰው፤
ጨርቁን ገልጠን ብናይ፣ መትረየስ ነው ለካ፣
አፉ ጭቃ ጠጥቶ፣ ሆዱ ግን ሳይነካ።

«አያ ዋሴ» አለው፣ አሥር አለቃ አላምረው፣
«ሁለት ልጅ ከዳገት፣ ሸክሙ ነው ያስቀረው፤
አንድ ሰው ተሸክሞት፣ ከጓዶቹ ጋራ፣
እኩል እንዲሮጥ ነው፣ አቅልልና ሥራ።»

እኔ ወናፍ ነፋሁ።

የወይራ ሰደፉን፣ በዋንዛ ለወጠ፣
ካሮጌ ማረሻ፣ ሁለት እግር ቆረጠ፤
ከነደደ ካሚዮን፣ የወጣ ሞላ ነው፣
ትንፋሹን የሰጠው፣ ደግሞም የሚያፍነው።
ሦስት ጊዜ ነከሰ፣ ባራተኛው ሳቀ፤
በማር ሚዛን ሰቀልነው፣ ክብደቱ ታወቀ፦
ያራት ሰው ቃሬዛ፣ አንድ ሕፃን አከለ፣
አላምረው ባንቀልባ፣ አዝሎት ዘለለ።

አሥሩም ዝናር ፈተው፣ ጥይት አዋጡለት፣
በእጅ አጎረስነው፣ እንደ ሠርግ ዕለት፤
«በስመ አብ» ብዬ፣ «ወልድ» ሳልጨምርበት፣
ቀለህ ብቻ ቀረ፣ ሣሩ ያረረበት።

ማንም አልፎከረም።
አላምረው አንድ ባንድ፣ ለቅሞ ቆጠረ፣
«ያሥር ሰው ክረምት ነው» አለ፣ አቀረቀረ።
«ብረቱስ ቀለለ፣ እጅህ ይባረክ፤
ጥይቱን በየትኛው ሞረድ እንሞርደው?»
አያ ዋሴ ጉጠቱን ውኃ ነከረ። ጢስ ብቻ መለሰ።

ሲነጋ ወደ ወምበርማ፣ አንዱ ብረት ይዞ፣
ዘጠኙ ከኋላው፣ ጉርሱን አጓጉዞ።
አያ ዋሴ ከደጅ ቆሞ፣ ሰዎቹን ቆጠረ፣
እንደ ጥይት።