የተገለበጠ ኮሌታ

ከልጃችን ደብተር፣ ከስድስተኛ ክፍል ሒሳብ፣
ካልተጻፈበት ገጽ ላይ ትጀምራለች ማሰብ።
ማንጠግቦሽ፣ የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ ነክታ፣
ትዘረዝራለች ወጪውን፣ አንዱን ይዛ አንዱን ረስታ፦
ጨው፣ ከሰል፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣
የውሃ (ባይመጣም)፣ የመብራት፣ የእድር፣ እንደገና
ሽንኩርት።
«ሁለቴ ጻፍሽው» እላታለሁ።
«ሁለቴ ጨምሯል» ትለኛለች። ዝም እላለሁ።

እኔ የማዘጋጃ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤
ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ፋይል ፈልጌ ያገኘሁ፣ የራሴ የጠፋኝ።
ደመወዜ በወሩ አጋማሽ ላይ ይሞታል፤
የተረፈው ግማሽ ወር ተዝካሩን ያወጣል።

መጀመሪያ የቀረው ባጃጅ ነው። ከማራኪ እስከ ፒያሳ
በእግሬ ነው፤ ዳገት ላይ ጉልበቴ የድሮ ዕዳ ሲያነሳ።
የነገሥታቱን አጥር ታክኬ ሳልፍ በጠዋት፣
ጣራ አልባውን ግንብ አይና እቀናለሁ በድፍረት፦
ቆርቆሮ አይገዛ፣ ኪራይ አይጠየቅ፣ መብራት አይቆጥር፤
አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ያለ ወጪ መኖር!

ከዚያ ስኳሩ ቀረ፤ ከዚያም ሻዩ ራሱ ቀረ፤
የዘይት ጠርሙሱ በአፍጢሙ ተተክሎ አደረ፤
ጠዋት አንዲት ማንኪያ ሰጠን፣ እንደ ጠበል ተሰፍሮ።
አንዲት አምፖል ከሳሎን ወደ ጓዳ ትዛወራለች፣ ትኩሳቷ በጨርቅ ታስሮ።
የሳሙና ስባሪዎች፣ ቀዩና አረንጓዴው፣ ተጋቡ፤
ያለ ድንኳን፣ ያለ ሚዜ፤ እርጥብ ነበሩና ቶሎ ተግባቡ።

ቅዳሜ ገበያ የምትወርደው አመሻሽ ላይ ነው፣ ሻጩ ጆንያ ሲያራግፍ፣
የተጨፈለቀ ቲማቲም ፊት ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ።
«ድስት ውስጥ መፍረጡ አይቀርም» ትላለች፣ «እዚሁ ቢፈርጥ ምን ቸገረ?»
ሻጩ ስቆ መረቃት፤ አንድ ቃሪያም ጨመረ።

ኮሌታዬ ግን አለቀ። ክሩ ጢም አወጣ።
አራዳ በረንዳ ላይ፣ ባለ ሲንጀሩ ጓዴ ዘንድ ስወጣ፣
«ማገልበጫው ጨምሯል» አለኝ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳይነቅል።
ዋጋውን ሰማሁ። ሸሚዜን ብብቴ ሥር ሸሸግሁ፣ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ስል።

ሌሊት፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ያቺኑ አምፖል አስጠግታ፣
በምላጭ ፈታችው፣ ስፌት በስፌት፣ እስትንፋሷን ገትታ።
ውስጡ ነጭ! ነጭ እንኳ አይደለም፤ ሰማያዊ፣ ስስ፣
ፀሐይ ያላየው፣ ላብ ያልደረሰበት፣ ሲገዛ የነበረው ልብስ።
«ይሄን ቀለም ረስቼው ነበር» አለች፤ ሳቀች፤
እኔን አየችና፣ ለአፍታ፣ የሆነ ነገር አስታወሰች።
መልሳ ሰፋችው። የውስጡ ውጪ ሆነ፤ ያረጀው ተደበቀ፤
እጇ ወደ ኪሱ የሄደ ሲመስለኝ ልቤ ተሳቀቀ።

ኪሱ ውስጥ ሎተሪ ነበረ። በየወሩ አንድ።
የመዝገብ ሰው ነኝ፤ ያልተመዘገበች ወጪዬ ናት፣ የብቻዬ ጉድ።

እንቅልፍ ሲወስዳት ደብተሩን ገለጥኩ። ከሽንኩርቱ በታች
አንዲት መስመር በላጲስ ጠፍታለች፣ ግን አልሞተች፤
ወደ መብራቱ ባዘነብለው፣ የእርሳሱ ጠባሳ ይነበባል፦
«ለእኔ ጫማ»።
የሚያዝያው ገጽ ላይም፣ የመጋቢቱም ላይ ጠፍቷል፤
ወረቀቱ ከመፋቁ ብዛት ሳስቶ ጣት ያሳያል።

የልጁን እስክሪብቶ አነሳሁ። ላጲስ በማይደፍረው ቀለም
«ለማንጠግቦሽ ጫማ» ጻፍኩ፤ አሰመርኩበትም።
ከሥሩ «ሎተሪ» ብዬ መዘገብኩ፤ መልሼ ሰረዝኩ፤
መብራቱን አጠፋሁና ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየሁ፣ ተቀመጥኩ።

ጠዋት አነበበችው። አንድም ቃል አልተነፈሰች።
በሩ ላይ ኮሌታዬን ጎተት አድርጋ አስተካከለች፤
«ሁለተኛ ስትጽፍ» አለችኝ፣ «በእርሳስ ይሻላል፤
እስክሪብቶ አታባክን፤ ልጁ ፈተና ደርሶበታል።»