ቱምቢ

ደቻቱ በሌሊት ደራሽ ያመጣ ለት
ሉጫ ወለደችው ከጋሪው ታዛ ፊት።
ስሙን ጎርፉ አልኩት፤ ሲነጋ ግን ሳየው
ጉልበቱ ወደ ውስጥ፣ ሰኮናው ወደ ውጭ ነው፤
ባንድ እግር ሁለት መንገድ ሊሄድ የቃጣ ሰው።

በቀፊራ ያለ ባለጋሪ ሁሉ
መላ ነበረው፤ "በሸንበቆ እሰር" አሉ፣
"ጉልበቱን ተኩሰው"፣ "ለጅብ ተወው" አሉ።
ወንድሜ ሙርሰል ግን፣ ግንበኛ ነውና፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቱምቢ ለቀቀና
"ይህ ግድግዳ ቢሆን አፈርሰው ነበር" አለ፤
ሲባጎውን ጠቅልሎ በትከሻው ጣለ።

ነገሩ ሌላ ነው። ያባታችንን ጋሪ
"እንሽጠው" ብሎኝ ነበር፤ "በባጃጅ ዘመን
ማን ፈረስ ይቀልባል?" እኔ እምቢ አልኩ።
ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ፣ አንድ በር እያለን፣
እንዳንተያይ ብለን
የምንወጣው ሰዓት ተካፍለን ነው።
የግድግዳው ነገር የመጨረሻ ቃሉ ነው።

በስድስተኛ ወሩ አይሱዙ ለመንኩ፣
እናትና ልጁን ጎን ለጎን ጫንኩ።
ደንገጎን ስንወጣ፣ በየጠመዝማዛው
ሉጫ በደረቷ ደግፋ ያዘችው።

ዶክተር ሲፈን ፎቶውን መስኮት ላይ ለጥፋ
አሳየችኝ መስመር፣ ከጉልበቱ በላይ፣ ቀጭን እንደ ስንጥቅ፣
ገና ያልገጠመ፣ ባጥንት ያልታሸገ።
"የሚያድገው በዚህ ነው። የውስጡ ወገን ነው
ቀድሞ የሮጠው፤ የውጪው ዘገየ። እግሩን ያጣመመው
ድካም አይምሰልህ፤ መቀዳደም ነው።"

"ታዲያ ትሰብሪዋለሽ?" "ምንም አልሰብርም።
አንድ ብሎን አስሬ የቀደመውን ላቁም፣
ዘገምተኛው ደርሶ እኩል እስኪቆም።
ግን ስማኝ" አለችኝ፣ ጓንቷን እያጠለቀች፦
"ቀጥ ባለበት ዕለት ብሎኑ ይወጣል፤
ቀኑ ካለፈህ ግን ጥመት በሌላው ጎን ይመጣል።
ማሰሩ ቀላል ነው፤ መፍታቱ ያቅታል።"

ተኛ። ምላሱ ወጣ። ጆሮው ብቻ ቀረ
ወደ ግድግዳው ዞሮ፤
ከግድግዳው ማዶ ሉጫ ታሽካካለች።
ቁስሉ፣ ሲያልቅ ሳየው፣ አንዲት የስንዴ ፍሬ አታህልም ነበር።

ድሬ ተመለስን። ቀን በቀን ሳየው
ዓይኔ ለመደና መለየት አቃተው።
ጠማማን አብዝቶ ያየ ሰው ጉዱ ነው፤
ቀጥ ያለ ሲመጣ የሚያውቀው በምኑ ነው?
ሐሙስ የቀና መሰለኝ። ዓርብ ተጠራጠርኩ።
በመጥረጊያ እንጨት ለካሁ፣ በልጓሙ ለካሁ፣
ሌሊት በባትሪ ወጥቼ ጥላውን ለካሁ።
ሌላ ግንበኛ ሞልቷል፤ የኔ ግን ክርክር
"አፈርሰው ነበር" ካለ ከዚያው ሰው ነበር።

በእሱ ሰዓት ወጣሁ።
በሩ ላይ ተጋጠምን፤ ሲሚንቶ በቅንድቡ።
"ቱምቢህን" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ተከተለኝ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ።
ሲባጎውን ከትከሻው ጫፍ ለቀቀ፤ ጎርፉ አልተነቃነቀም፤
እርሳሱ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ ደከመው፣
ጉልበቱን ለሁለት ከፍሎ
ሰኮናው መሐል ላይ ጸጥ አለ።

ሙርሰል ዓይኑን ከፈተ። ብዙ ቆየ።
"ታርቋል" አለ።
እግሩን ማለቱ ነው። እኔም አልጠየቅኩት።
"ነገ አስፈታው" ብሎ ጉልበቱን አራገፈ።

ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከሳንቲም ጋር ያንቃጭላል።
ጎርፉ በደቻቱ አሸዋ ላይ ሲሮጥ
አራቱም ዱካው ወደ አንድ አገር ነው።
ከሙርሰል ጋር አሁንም ሰዓታችን ለየብቻ ነው፤
የኔዋ ግን ሰሞኑን ትንሽ ትዘገያለች፣
የእሱም፣ እኔ እንጃ፣
ትንሽ ትቀድማለች።