አምስት መቶ ጫማ

ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩኝ እንደ ወትሮ፣
ላልጨምር፣ ላልቀንስ ከባለጉዳይ እሮሮ።
ኮሎምበስ ከተማ፣ ሦስተኛው ፎቅ ችሎት፣
አፌን አከራያለሁ በሰዓት ስሌት።

እትዬ ደብሪቱ ከጎኔ ተቀምጠው፣
በሹራብ እጅጌ ክንዳቸውን ሸፍነው፣
«ገፋኝ» አሉ ቀስ ብለው።
«ገፋኝ» አልኩኝ እኔም፣ በእንግሊዝኛ ቃል።
«ከደረጃው ወደቅኩ።»
ወደቅኩ።
«የባንክ ካርዴን ነጥቆ በር ዘግቶብኛል።»
ዘግቶብኛል።
ደንቡ ነው፤ አስተርጓሚ «እሳቸው» አይልም፣
ያን ጠዋት በሙሉ ከኔ በቀር ማንም
አልተመታም።

«የልጅዎ ስም?» አሉ ዳኛዋ ቀና ብለው።
ዝም አሉ። ውሃ ጠጡ።
«አለኝታ ነው።»
በፊደል በፊደል ለጸሐፊው ቆጠርኩ፤
ስም አይተረጎምም፣ ትርጉሙን ዋጥኩ።

እሱ ማዶ ተቀምጦ ስልኩን እያገላበጠ፣
ጠበቃው ተነሥቶ ጥያቄ መረጠ፦
«ለምን ቀደም ብለው ለሰው አልነገሩም?»
«ለማን ብዬ?» አሉ። «የሰፈሩን ጠብ ሳበርድ የኖርኩ እኔ፣
ማንን ሽማግሌ ልላክ በገበናዬ፣ በገዛ ማኅፀኔ?
አንድ ቀን ብቻ፣ እጁን ሲያነሣብኝ፣
በሕግ አምላክ! አልኩት።
አልቆመም።»

እዚህ ላይ እኔ ቆምኩ።
በምን ላሻግረው? ቃል በቃል ብወስደው
ማር የሌለው ቀፎ ነው።
«ላብራራ» ብዬ ለመንኩ፤ ፈቀዱ።
አልኳቸው፦ በአገራችን ይህን የሰማ ሰው፣ ልጅ ቀርቶ ባዳው፣
ዱላው አየር ላይ እያለ፣ እግሩ በመንገዱ፣
ቀጥ ይላል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። መልሰው አጠለቁ። ጻፉ።
እኔም ለእትዬ ደብሪቱ አነበብኩ፦
«እንዳይነካ፣ እንዳይደውል፣ በደጃቸው እንዳይመጣ፤
ቁልፉን አስረክቦ ዛሬውኑ ይውጣ፤
እሳቸው ካሉበት አምስት መቶ ጫማ ይራቅ።»

«ጫማ?» አሉኝ።
በኮሪደሩ መስኮት፣ ከደጃፉ እስከ ነዳጅ ማደያው
በጣቴ ለካሁ። «ይኼን ያህል» አልኩ።
በረዶው ላይ እሱ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ መኪናው ሲሄድ
በዓይናቸው ሸኙት እስከ ልኩ።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ከጉያቸው ከተቱ።
ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው፣
«የመጀመሪያዋ ጫማው» አሉኝ፣ «አራት ጣት አትሞላም።»

ይህን ለማንም አልተረጎምኩም።