ጉርድ ፎቶ

ሰው ቁልቁል ሲሸሽ እኔ ሽቅብ ወጣሁ፤
ካሜራዬን በፌስታል ጠቅልዬ መጣሁ።
ሦስት ቀን ያላባራው የነሐሴ ሰማይ
ምድሩን ሰንጥቆታል፣ ከረቡዕ ገበያ በላይ፣
ከጮቄ ጎን፣ ከጅብራው በታች፣ ከድንቹ ማሳ ላይ።

አንዱ የተነቀለ በር ተሸክሟል፤ አንዷ ጥጃ አቅፋለች፤
አንዲት ልጅ ደብተሯን ጉያዋ ሸጉጣለች።
አያ ቢተው ያዙኝ፣ በዘንጋቸው አግደው፦
«ተመለስ፤ ተራራው ቃሉን አልጨረሰም፤
ምድር አፍ ስትከፍት ማንም አልመለሰም።»

«ለሥራ ነው» አልኩ። (እውነቱን ለመናገር
ለሥራ አልነበረም፤ ሌላ ነበር ነገር፦
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሳነሳ
አንድም ቀን ልቤ ከእንቅልፉ ሳይነሳ።)

ከስንጥቁ አፋፍ ቆምኩ። በጠባቧ መስኮት
ዓለም ትንሽ ሆነች፣ ፍርሃቴም ትንሽ፤
ቆርቆሮ ቤት አየሁ፣ እንደ ጀልባ ሲሸሽ፤
ባሕር ዛፎች ቆመው፣ ሥር እንደተከሉ፣
እንደ ሰልፈኛ አብረው ቁልቁል ይሄዳሉ።
ያኔ ነው ከጭቃው አንድ ድምፅ የሰማሁ፦
«አንሳኝ!»
አለች ሴቲቱ።
እኔም አነሳሁ።

«አንሳኝ!» አለች ደግማ፣ ክንዷን ወደኔ ዘርግታ።
ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ፣
ብርሃን እያስተካከልኩ፣
እጇ ጎልቶ እንዲወጣ ትንሽ ወደ ግራ ዞርኩ።

አማርኛ፣ ምነው፣ በአንድ ቃል ሁለት ነገር?
የቀለለኝን ስመርጥ
ጆሮዬን ብትቆነጥጪኝ ምን ነበር!

ከዚያ የቆምኩበት እንደ ረጠበ ስኳር ተናደ።
ቀበቶዬ ድረስ ዋጠኝ።
ከጭቃው በላይ የቀረው
ሰው ለመታወቂያ የሚነሳው ያህል ነው፦
ራስና ደረት።
ጉርድ።

ማን እንዳወጣኝ ባልናገር ደስ ባለኝ።
ይመኙሻል ናት። ያቺው።
በጥፍሯ ቧጥጣ ወጥታ፣
ነጠላዋን በብብቴ አዙራ፣
ተረከዟን ከድንጋይ አስደግፋ፣
ያነሳኋት ሴት አነሳችኝ።
«ክብደትህ» አለች እያለከለከች፣ «የበሬ ነው።»
ሌላ አልተናገረችም።

ጥቅምት ላይ ደብረ ማርቆስ፣ ፎቶ ቤቴ መጣች።
መታወቂያዋ ከቤቷ ጋር ወርዷል።
በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፤
ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣
አገር ያደነቀውን እጅ አየች፤
ከዚያ የራሷን እጅ፣ ጭኗ ላይ።
የማን ነው ብላ አልጠየቀችም።

«በል አንሳኝ» አለች።

አምስት ጊዜ ሞከርኩ።
አምስቱም ደበዘዙ።