የአንለይ ተራ

ጭምባ ደንገሉ ዳር ታኅሣሥ ሲነጋጋ፣
ዓይኔ በመነጽር ከጉሙ ሲዋጋ፣
መጣ።
መምጣት እንኳ አይባልም፤
ከጭቃው ቁራሽ ጭቃ ተነሥቶ ቢራመድ፣ ከዚህ የተለየ አይመስልም።
ጀርባው የታጨደ ጤፍ፣ ቅንድቡ ነጭ ጭረት፣
ሮጥ አለ፣ ቆም አለ፣ በደንገሉ መሠረት፤
ከዚያ ዘወር ሲል፣
ጉሮሮው ሰማያዊ!
መኻሉ ላይ ደግሞ አንዲት የዝገት ጠብታ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሥዕል ያወቅሁት፣
ልጄ በእርሳሷ የሞነጫጨረችው ገጽ ላይ ያየሁት፣
ከበረዶ አገር፣ በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ
አምስት ክንድ ላይ ቆሟል፣ ትል ይዞ፣ ጭቃ ቆፍሮ።

ደግሞ ይዘምራል! ምንቃሩ ሲከፈት፣ ደረቱ ሲርድ አያለሁ፤
ድምፁን ግን ከየት አባቴ እሰማለሁ?
ዱግ ዱግ ዱግ ይላል የአንለይ ፓምፕ፣
ሽንኩርት ያጠጣል።

«ምን አገኘሽ፣ መምህር?» አካፋውን ተደግፎ።
«ብርቅ ወፍ!» አልኩት በሹክሹክታ።
«ይሄ? ይሄማ ተራ ነው» አለ፣ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፍኖ፤
«መስቀል ካለፈ ይመጣል፣ ለፋሲካ አይገኝም፣
ከመደቤ ትል ሲለቅም አንድ ዓመት ቀርቶ አያውቅም።»
«ሲዘምርስ ሰምተኸዋል?»

ዝም አለ።
ፓምፑን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፤
የውኃው ተራ እስከ ሦስት ሰዓት የእሱ ነው፣ ከዚያ የስማቸው፣
ነዳጁም የብድር ነው።
ሄዶ አጠፋው።

መጀመሪያ ዱግታው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፣ ቀስ ብሎ ሟሟ።
ከዚያ ከደንገሉ ሥር፣ ዱር ገብቶ ቅኔ እንደሚቆጥር ተማሪ፣
ለራሱ ብቻ፣ አፉን ሳይሞላ፣
የፌንጣ ፍጭት፣ የቃጭል ስባሪ፣
የሌላ አገር ወፍ ቃል፣ የማላውቀው ወንዝ ጠጠር፣
እየጀመረ ሲተወው፣ እየተወ ሲጀምር።
አንለይ ቆቡን አወለቀ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«አንለይ! ነዳጅ አለቀ እንዴ?» ስማቸው ከላይ ሲጣራ
ወፉ የለም።
«ነዳጁም አላለቀም» አለ አንለይ፣ «የእኔም ተራ!»

ሦስት መደብ ሽንኩርት ሳይጠጣ ቀረ።
ደብተሬን ገለጥሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ብዛት አንድ፤
ብርቅ ወይስ ተራ የሚለው ዓምድ ላይ እርሳሴ ቆመ።
እሱ የፓምፑን ገመድ ይስባል፤
በአራተኛው ተነሣ።