ጳጉሜ ስድስት

ኪቶ ፉርዲሳ ስገባ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መቁጠር ነው፤
ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ።
አባቴ ሳቀ።
ሂርማታ ገበያ ማር ሲመዝን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣
«ታዲያ ዜሮኛውን ገንቦ
የትኛው አህያ ላይ ልጫነው?» አለኝ።

ቀጥሎ የእኩል ምልክት።
አንዷ ብቻዋን እኩል ማለት አይደለችም፣ ትእዛዝ ናት፤
«አንተ ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ነህ!» ትላለች፣
ሰባት ይሆናል።
እኩል መሆን አለመሆኑን ለመጠየቅ ሁለት ያስፈልጋሉ።
እዚህ ላይ አባቴ አልሳቀም።
«ቀበሌም እንደዚያው ነው» አለ፣
«ሁለተኛዋን ምልክት የት ነው የሚሸጧት?»

ከዚያ ክፍልፋይ መጣ።
አንድ አሥረኛ ላይ ሁለት አሥረኛ ብትደምር
ኮምፒውተሩ ሦስት አሥረኛ ብሎ አያበቃም፤
ከአሥራ አምስት ዜሮ ጀርባ
አንዲት አራት ተደብቃ ትቀመጣለች።
«ስህተት አይደለም» አልኩት፣ «በሁለት ጣት ነው የሚቆጥረው፣
አሥረኛ በሁለት ጣት አይያዝም።»
አባቴ የሚዛኑን ድንጋይ አነሳ፣ አገላበጠው፣
«ያቺን አራት ማን ነው የሚበላት?»

መልስ አልነበረኝም። ተመረቅሁ።

ወረዳው ወረቀት ሰልችቶት ነበር፤
አይጥ የበላው መዝገብ፣ ዝናብ ያጠበው ማኅተም።
የልደት ምዝገባውን ሥርዓት እኔ ጻፍኩት፣
ቆጪ በተከራየኋት ክፍል፣
መብራት ሲመጣ እየጻፍኩ፣ ሲሄድ እየተኛሁ።
የተዋስኩት የፈረንጅ ኮድ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ይዘጋል፤
እኔ ግን ጳጉሜን አልረሳኋትም፣ ኮርቻለሁም፣
አምስት ቀን ቆጥሬ ሰጠኋት።
አምስት።
በዘመነ ሉቃስ የምትመጣዋን ስድስተኛዋን
በር ላይ አቆምኳት።

ዘቢባ አባቢያ መጣች፣ ሰቃ ካለው ቤቷ በእግሯ፣
የአርባ ቀን ልጇን ረምላን አዝላ።
ጸሐፊው ወልደየስ ቀኑን አስገባ።
በቀይ መለሰለት፦ እንዲህ ያለ ቀን የለም።
ደግሞ አስገባ።
የለም።
«ማሽኑ ልክ ነው» አላት።
እኔ የማውቀው ልብስ በሰው ልክ ሲሰፋ ነው፣
ሰው በልብስ ልክ ሲቆረጥ አላየሁም።
ዘቢባ አልጮኸችም፤ ልጇን ወደ ደረቷ አዙራ

«ዝናቡ እየጣለ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣
ያማጥኩበትን ቀን ማን ነው የለም ያለ?»

ወልደየስ ደግ ሰው ነው።
«መስከረም አንድ እንበላት፣ በዓልም አይደል» ብሎ ጻፈ።

ወሬው በሳምንቱ ጅማ ደረሰኝ።
ሌሊት መዝገቡን ከፈትኩ፤
መስከረም አንድ፣ ሃያ ሦስት ልጆች።
መስከረም ሁለት፣ ሁለት። መስከረም ሦስት፣ አንድ።
አዌቱ ሞልቶ ከታች ይጮኻል፣
እኔ ያን ሃያ ሦስት የሚል ቁጥር አያለሁ።
ማረሙ አንድ መስመር ነበር፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ፤
የሚጠቅመው ግን ከአራት ዓመት በኋላ ለሚወለዱት ነው።
የእነዚህ ምስክር ወረቀት ታትሟል፤
ለማስለወጥ ማመልከቻ፣ ፍርድ ቤት፣ ሦስት ምስክር፣
ከሦስቱ በላይ የሚታመነውም
ያው ማሽኑ።

ዘንድሮ ደግሞ ኮድ የሚጽፍ ማሽን መጣ።
ፈረንጅ አራዳ የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር
«ሥራችሁን ሊቀማችሁ ነው አሉ» ይለኛል፣
መልሱን ሳይጠብቅ ሂሳብ ይቀበለኛል።
እኔ የፈራሁት ሌላ ነው።
«የእኛን ዘመን መቁጠሪያ ጻፍልኝ» አልኩት።
ዐይኔን ሳልከድን ጻፈው፤
ንጹሕ፣ የሚያምር፣ ከእኔ የተሻለ።
በጣቴ ወደ ታች ወረድኩ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣
እስከ መጨረሻዋ ወር፦
ጳጉሜ፣ አምስት ቀን።

ከማን እንደተማረ
ለአባቴ አልነገርኩትም።